ከታላላቆች ሳጥን ያመለጠው ስም

ጥር 8፣ እሑድ

መጋቢው አዳራሼን ሊዘጋብኝ ነው። «አዳራሼን» የምለው እኔ ነኝ፤ እሱ ያለው «የወጣቶችን አዳራሽ» ነው። ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ወንበሩን የደረደርኩት፣ ግድግዳውን ሦስት ጊዜ ቀለም የቀባሁት፣ የተሰነጠቀውን መስኮት በካርቶን የሸፈንኩት እኔ ነኝ። ከዋናው ጸሎት ቤት ጀርባ፣ ከመጸዳጃ ቤቱ አጠገብ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ታላላቆቹ በትልቁ ቤት ሲያመልኩ እኛም በዚያችው ሰዓት በጊታራችን እናመልካለን። እነሱ በእኛ ጩኸት ይማረራሉ፣ እኛ በእነሱ እንቅልፍ እንስቃለን። በሰላም ነበር የምንኖረው።

ከአምልኮ በኋላ ቢሮው ጠራኝና አንድ ወረቀት ዘረጋልኝ። ባለፉት ስድስት ዓመታት ሠላሳ ሞልቷቸው ከወጣቶች አገልግሎት የተሰናበቱ ሠላሳ አራት ሰዎች። ለእያንዳንዳቸው ምስክር ወረቀት ሰጥተን፣ አጨብጭበን፣ ፎቶ ተነሥተን ነው ወደ ትልቁ ቤት የሸኘናቸው። ዛሬ በትልቁ ቤት የሚታዩት አምስት ናቸው።

«ሌሎቹስ?» አለኝ።

«እኔማ በደንብ አድርጌ ሸኝቻቸዋለሁ።»

«ማን ተቀበላቸው?»

እሱ ቀጠለ። «አንድም ቀን አብረውን አምልከው አያውቁም እኮ። ልጅ ሆነው ለብቻ፣ ጎረምሳ ሆነው ለብቻ። ሠላሳ ሲሞላቸው ከማያውቁት ሰው ቤት ወስደን ጣልናቸው።»

ያሰበው ይህን ነው። አዳራሹ ለዐሥር ሳምንት ይዘጋል፤ ሁሉም በትልቁ ቤት ያመልካል። ለእያንዳንዱ ወጣት አንድ ታላቅ በዕጣ ይደርሰዋል። እሑድ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፣ በሳምንት አንድ ሥራ አብረው ይሠራሉ፣ ቢያንስ አንድ ጊዜ አንዱ ሌላውን ቤቱ ምሳ ይጋብዛል።

«መልካም ነው» አልኩ ጥርሴን ነክሼ። «እኔስ፣ ማን ይደርሰኛል?»

«አንተማ ከታላላቆቹ ነሃ!» ብሎ ሳቀ። የቀለድኩ መስሎታል።

መጋቢው በሁለት ዓመት ያንሰኛል። ይህ ይመዝገብልኝ።

ጥር 10፣ ማክሰኞ

የምሠራበት መነጽር ቤት ሲታመስ ዋለ። የዓይን ሐኪሞች ጽሑፍ ከዓመት ዓመት እየደቀቀ መጥቷል፤ ክንዴን ዘርግቼ ካልሆነ አልነበብ ብሎኛል። አንድ ሰው ሊነግራቸው ይገባል።

ታናሽ እህቴ ደወለች። የሆነውን ነገርኳት፤ ታዝንልኛለች ብዬ።

«ስንት ዓመትህ ነው?» አለችኝ።

«ታውቂዋለሽ።»

«እኔማ አውቀዋለሁ። አንተ ታውቀው እንደሆነ ነው የጠየቅሁት።»

ለወጣቶቹ እንደማስብ፣ ያለ እኔ እንደሚበተኑ ላስረዳት ሞከርኩ። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና፣ «ለመሆኑ ትመራቸዋለህ ወይስ ተደብቀህባቸዋል?» አለች።

ኔትወርክ አስቸገረኝ ብዬ ዘጋሁት። ኔትወርኩ ደህና ነበር።

ጥር 14፣ ቅዳሜ

ቸኩያለሁ፣ በአጭሩ ልጻፈው።

ለነገው ዕጣ ሁለት ሳጥን ተዘጋጅቷል። ነጩ የወጣቶች፣ ቡናማው የታላላቆች። የቤተ ክርስቲያኑ ጸሐፊ ስሞቹን በብጥስጣሽ ወረቀት ጽፋ፣ አጣጥፋ ከትታቸዋለች። ሃያ ስድስት ወጣት፣ ሃያ ሰባት ታላቅ። አንዱ ታላቅ መጠባበቂያ ነው፤ የሚታመም ቢኖር።

ሳጥኖቹን ቢሮ እንዳስቀምጥ ተላክሁ። ቢሮው ውስጥ ማንም አልነበረም። ቡናማውን ከፈትኩት። ለማየት ያህል ብቻ።

ስሜ አለ። በጸሐፊዋ ውብ የእጅ ጽሑፍ፣ ከጡረተኛው ዳኛ ስም ጋር ተጣብቆ።

አሁን ስሜ ነጩ ሳጥን ውስጥ ነው።

ምን አጠፋሁ? አንዲት ቁራጭ ወረቀት እኮ ናት። ከሳጥን ወደ ሳጥን። ባንክ አልዘረፍኩ።

ጥር 15፣ እሑድ

ዕጣው ወጣ።

አሠራሩ ቀላል ነው። መጋቢው ከቡናማው ሳጥን የአንድ ታላቅ ስም ያወጣል፤ የተጠራው ወጥቶ ከነጩ የሚደርሰውን ወጣት ያነሣል። ብረት በያጁ ጊታር ተጫዋቹን አነሣ። ጡረተኛው ዳኛ ሳቂታዋን ልጅ አነሡ። ከዚያ አዋላጇ እማማ ተጠሩ። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ በዚህ ሰፈር ካለው ሰው ግማሹን የተቀበሉት እሳቸው ናቸው። የእኛን ጊታር ፀጥ ለማሰኘት ግድግዳውን በከዘራ የሚመቱትም እሳቸው ናቸው። እጃቸውን ነጩ ሳጥን ውስጥ ከተው ወረቀት አወጡ። ስሜን አነበቡ። ከመነጽራቸው በላይ ቀና ብለው ለረጅም ጊዜ አዩኝ።

«ወጣት ደረሰኝ» አሉ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ደስ ብሏቸው ነው ብዬ አብሬ ሳቅሁ።

ቡናማው ሳጥን አለቀ። ነጩ ውስጥ ግን አንዲት ወረቀት ቀርታለች። የፊውዝ ናት።

ፊውዝ የድምፅ መሣሪያውን የምትይዘው የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ናት። ቅጽል ስሙ የወጣላት በመጀመሪያው ቀን ሁሉንም ገመድ አንድ ሶኬት ላይ ሰክታ ቤተ ክርስቲያኑን በሙሉ ጨለማ ስላደረገችው ነው። እናቷ የለችም። አባቷ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ሲመጣ ይመጣል። የምትኖረው አክስቷ ጋ ነው። ከወጣቶቹ ሁሉ ይህን ዕጣ በጉጉት የጠበቀች እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም፤ ሳምንቱን ሙሉ «ማን ይደርሰኝ ይሆን?» እያለች ስታደርቀን ነበር። ዛሬ ሸሚዟን ተኩሳ ነው የመጣችው። ፊውዝ ሸሚዝ ስትተኩስ አይቼ አላውቅም።

መጋቢው ቡናማውን ሳጥን ገልብጦ አራገፈው። ምንም የለም።

«ሁለት ጊዜ ቆጥሬያለሁ!» አለች ጸሐፊዋ። ፊቷ ተለዋወጠ። «እግዚአብሔር ያውቃል፣ ሁለት ጊዜ ነው የቆጠርኩት!»

«ስሕተት ያለ ነው» አላት መጋቢው በደግነት። ደግነቱ የባሰ አሳፈራት፤ የእኔን ስም ያለ ሳጥኑ የከተተችው መስሎታል፣ የወጣ ዕጣ ደግሞ አይመለስም። ከዚያ ወደ ፊውዝ ዞሮ፣ «አንቺን እኔ እወስድሻለሁ» አላት።

«እሺ» አለች ፊውዝ። ወደ ድምፅ መቆጣጠሪያዋ፣ ወደ ሚክሰሯ ስትመለስ በእኔ በኩል አለፈች፤ ቀና ብላም አየችኝ። እኔ ጣሪያውን እያየሁ ነበር። ጣሪያው ጽዳት ይፈልጋል።

ጥር 17፣ ማክሰኞ

መጋቢ የደረሳት ልጅ እኮ ዕድለኛ ናት። ከሁሉም የበለጠ ሰው ነው የደረሳት። እንዲያውም ውለታ ውዬላታለሁ።

ጥር 22፣ እሑድ

በትልቁ ቤት የመጀመሪያው እሑድ። ልጆቹ መዝሙሩን አያውቁትም፤ አፋቸውን ከፍተው ያዩናል። እኔም አላውቀውም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከዚህ ቤት ተለይቼ እንደነበር ዛሬ ነው የገባኝ። ብቻ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ አለፍኩት።

አዋላጇ እማማ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ወደ ኋላ ዞሬ ከጊታር ተጫዋቹ ጋር ስንጠቃቀስ ክንዴን ቆነጠጡኝ። እውነተኛ መቆንጠጥ፣ ሰምበር የሚያወጣ። አምልኮው ሲያበቃ የቤት ሥራ ሰጡኝ፤ ከመዝሙራት ሁሉ ረጅሙን በቃል እንዳጠና።

«እማማ፣ እሱ እኮ አያልቅም!»

«ወጣት ያጠናል። ወጣት ደግሞ ወንበር ያነሣል» ብለው በከዘራቸው ወንበሮቹን አሳዩኝ። አርባ ሁለት ወንበር ተሸክሜ አጠፍኩ። የድሮ ወንበር ነው፣ የብረት። ወገቤን ወገቤን እያልኩ ነው ይህን የምጽፈው።

ፊውዝ ጥግ ላይ ሚክሰሯ ጋ ብቻዋን ተቀምጣ ነበር። ምን ይደረግ፣ መጋቢው መድረክ ላይ ነው። አንድ ሰው ሁለት ቦታ አይቀመጥም።

ጥር 26፣ ሐሙስ

ከአዋላጇ እማማ ጋር የሳምንቱን ሥራ ሠራን፤ ሕሙም ጥየቃ። አራተኛ ፎቅ፣ ያለ አሳንሰር። እሳቸው ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

በሽተኛው የድሮ ማተሚያ ቤት ሠራተኛ ናቸው፤ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። እማማ የእግራቸውን ጥፍር ቆረጡላቸው፣ እኔ የሞቀ ውሃ ያለበትን ሳህን ይዤ ተንበረከክሁ። ከወጣቶች ጋር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስለ ማገልገል አስተምሬያለሁ፤ የሰው እግር ስነካ ግን ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው። ይህን ለማንም አልናገርም።

«አብሮሽ ያለው ማነው?» አሉ በሽተኛው።

«ወጣቴ ነው» አሉ እማማ።

«ስንት ዓመቱ ነው?»

«አርባ ሦስት ከአራት ወር» አሉ፣ ጥፍር መቁረጡን ሳያቋርጡ። «ዓርብ ቀን ነበር፣ ከቀትር በፊት። በእጄ ነው የተቀበልኩት። እያለቀሰ መጣ፤ ዝም ያለበትን ቀን አላስታውስም።»

ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

ስለ ሳጥኑ ግን አንድም ነገር አላነሡም። ምናልባት ልብ አላሉትም ይሆናል። በዚህ ዕድሜ ሰው ይረሳል።

ጥር 29፣ እሑድ

ነገሩ እየሠራ ነው፤ ያናድደኛል።

ጊታር ተጫዋቹና ብረት በያጁ የጓሮውን በር አብረው እየበየዱ ነው። ልጁ ስለ አባቱ ያጫወተው ለበያጁ ነው። ስምንት ዓመት ሳስተምረው ለእኔ አንድም ቀን አላነሣልኝም። ሳቂታዋ ልጅ ዳኛውን በስልክ ፎቶ ማንሣት አሳየቻቸው፤ አሁን ስብከቱን ትተው የሰው ጫማ ነው የሚያነሡት። መጋቢው ከመድረክ እያየ ይስቃል።

ከአምልኮ በኋላ አንዱ ልጅ በሩ ላይ መንገድ ለቀቀልኝና «ይለፉ ጋሼ» አለኝ።

ጋሼ! ባለፈው ወር እኮ «ብራዘር» ነበርኩ። ከኋላዬ ሌላ ሰው ያለ መስሎኝ ዞርኩ። ማንም አልነበረም።

ፊውዝ ዛሬም ብቻዋን። መጋቢው ሐሙስ አብረው ሊሠሩ ቀጥሯት ነበር፤ ቀብር ወጣበት። ያለፈው ሳምንት ደግሞ የሽማግሌዎች ስብሰባ ነበር። ሰውዬው ሁሉንም ነው የያዘው፤ ሁሉንም ሲይዝ እሷን በየት በኩል ይያዛት?

ይህን ማን አመጣው ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር፣ እኔ ሥራ ላይ ነኝ።

የካቲት 3፣ ሐሙስ

ፊውዝ መነጽር ቤት መጣች። የመነጽሯ ብሎን ወልቆ በክር አስራው ነበር። ወንበር ስቤ አስቀመጥኳትና ብሎኑን ፍለጋ ገባሁ። ብሎኖቹም በጣም ትናንሽ ሆነዋል፤ የሚያመርቷቸው ሰዎች ምን እንደነካቸው አላውቅም።

«እኔ ላጥብቀው?» አለች።

«ሥራዬ ነው» አልኳት። በመጨረሻ ራሷ አጠበቀችው።

ከዚያ እንደ ዋዛ ነገረችኝ። የሰርግ አዳራሽ ያለው ሰውዬ የድምፅ ሠራተኛ ይፈልጋል። ሰርጉ እሑድ እሑድ ነው፣ ከጠዋት ጀምሮ። እስከ የካቲት ሃያ መልስ ስጪኝ ብሏታል።

«ቤተ ክርስቲያኑስ?» አልኳት።

«ምን ይሆናል? ሌላ ሰው ያሠለጥናሉ።»

«ልጅቷ፣ ቤተ ክርስቲያን ማለት እኮ...» ብዬ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ትምህርቴን ልጀምር ነበር።

«እዚያ የሚያየኝ ሰው አለ?» አለችኝ። ንዴት የለባትም፤ ዋጋ እንደሚጠይቅ ሰው ነው የጠየቀችኝ። «ዞር ብለው የሚያዩኝ ድምፁ ሲጠፋ ብቻ ነው።»

ያኔ ልነግራት ይገባ ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ልክ በዚያው ደንበኛ ገባ፤ እንዴት ደስ እንዳለኝ! ለአንዲት የመነጽር ማጽጃ ጨርቅ ሩብ ሰዓት አስተናገድኩት። ስመለስ ሄዳለች።

የካቲት 6፣ እሑድ

ስብከቱ መሃል ላይ ድምፁ ጥፍት አለ። ሦስት መቶ ሰው ባንዴ ወደ ኋላ ዞረ። ፊውዝ እጇን ከፍ አድርጋ ለሁሉም ሰላምታ ሰጠች። ከዚያ ድምፁ መጣ።

መጋቢው «ገመዱ አርጅቶ ነው» አለ። ገመዱ አዲስ ነው።

አዋላጇ እማማ ብቻ መልሰው እጃቸውን አውለበለቡላት። እኔ ጫማዬን እያየሁ ነበር። ጣሪያውን ባለፈው ጨርሼዋለሁ።

ለፊውዝ መልስ ሁለት ሳምንት ቀረ።

የካቲት 9፣ ረቡዕ

ይህን ቀን ባልጽፈው ደስ ባለኝ።

ጸሐፊዋ መጣች። ሃያ ሁለት ዓመት የቤተ ክርስቲያኑን መዝገብ የያዘች ሴት ናት። የተጠመቀ፣ የተጋባ፣ የሞተ፣ ሁሉም በእሷ እጅ ነው ያለው። አንድ ቀን እንኳ ተሳስታ አታውቅም፤ ይህንንም ራሷ ለሁሉም ሰው ትናገራለች። ዛሬ ግን ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ በሩ ላይ ቆመች።

«ዓይኔን እይልኝ» አለችኝ።

«ምን ሆነ?»

«ያን ዕጣ ከቆጠርኩ ወዲህ ራሴን አላምንም። ትናንት አንድ ደብዳቤ አምስት ጊዜ አነበብኩት። መዝገቡን ለሌላ ሰው ላስረክብ ነው። መነጽር የሚያድነኝ ከሆነ ግን ልሞክር ብዬ ነው።»

የፊደሉን ሰሌዳ አሳየኋት። ከላይኛው መስመር ጀምራ እስከ ታችኛው አነበበችው። ከታችኛው ሥር ያለውን የአታሚውን ስምና አድራሻ ሳይቀር አነበበችልኝ። እኔ ከዚያ መኖሩንም አላውቅም ነበር።

«ዓይንሽ የንስር ነው» አልኳት።

«ታዲያ እንዴት ተሳሳትኩ?»

እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ምን እንዳልኳት ልጻፈው። «ድካም ይሆናል» አልኳት። «እረፍት አድርጊ።»

አመስግናኝ ሄደች። አመሰገነችኝ! እጄን ጨብጣ፣ «አንተ ሁሌም ደግ ነህ» ብላኝ።

ደግ አይደለሁም። አጭበርባሪ ነኝ። አርባ ሦስት ዓመቴ ነው፣ ወጣት ለመባል ብዬ ከአንዲት እናት የለሽ ልጅ ላይ ወንበር የሰረቅሁ፣ ከአንዲት ቅን ሴት ላይ ደግሞ የሃያ ሁለት ዓመት ክብር የሰረቅሁ አጭበርባሪ ነኝ። እዚህ ላይ መጻፍ ቀላል ነው። ደብተር አይቆነጥጥም።

የካቲት 13፣ እሑድ

ለመጋቢው ልነግረው ቢሮው ሄድኩ።

«አንድ ነገር ላናግርህ ፈልጌ ነበር።»

«እኔም ፈልጌሃለሁ! ልጆቹን በደንብ አዘጋጅተህልናል፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። አዋላጇ እማማም ደስ ብሏቸዋል። ‹ወጣቴ እየበሰለ ነው› አሉኝ።» ስልኩ ጮኸ። እሱ ስልኩን ሲያነሣ እኔ በሩን ይዤ ወጣሁ።

ፈሪ። ፈሪ። ፈሪ።

የካቲት 16፣ ረቡዕ

ከአዋላጇ እማማ ቤት ምሳ በላሁ። ግማሹን ሳህን ተውኩት። በቃሌ አጥና የተባልኩትን መዝሙር ጀመርኩላቸው፤ ንጹሕ መንገድ የሚል ቦታ ላይ ስደርስ ምላሴ ተያያዘ።

ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

«ልጄ፣ ሃምሳ ዓመት ያደረግሁት የሰው ፊት ማየት ነው። ቀኗ የደረሰ ሴት ‹ምንም አላመመኝም› ስትለኝ አውቃታለሁ። አንተም ቀንህ ደርሷል።»

«እማማ፣ እኔ ምንም...»

«የጸሐፊዋን እጅ ጽሑፍ አውቀዋለሁ፣ የአንተንም ዕድሜ አውቀዋለሁ። ያቺ ሴት አንተን ወጣቶች ውስጥ የምትከት አይደለችም። ከዕጣው ቀን ጀምሮ ነው የማውቀው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ማዋለድ እችላለሁ፤ ለሰው መውለድ ግን አልችልም። ግፋ!» ብለው ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት። ሾርባው ፈሰሰ። «ያቺ ልጅ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ግፋ እንጂ!»

የካቲት 19፣ ቅዳሜ

ነገ። ሸሚዜን ተኩሻለሁ።

የካቲት 20፣ እሑድ

መጋቢው «ማስታወቂያ ያለው?» ሲል እጄን አወጣሁ። ማይክ አቀበሉኝ።

«ዕድሜዬ አርባ ሦስት ነው» ብዬ ጀመርኩ።

«እናውቃለን!» አለ ብረት በያጁ ከመሃል። ሰው ሁሉ ሳቀ። ልጆቹ ከሁሉም በላይ ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ሳቁ ሲያልቅ ቀጠልኩ። ቢሮ እንደገባሁ፣ ቡናማውን እንደከፈትኩ፣ ስሜን ነጩ ውስጥ እንደከተትኩ ተናገርኩ። ጸሐፊዋ እንዳልተሳሳተች፣ ዓይኗንም ልታስመረምር መጥታ እንደዋሸኋት ተናገርኩ። አንዲት ልጅ ሰው አጥታ የቀረችው የእሷን ሰው ስለደበቅሁባት እንደሆነ ተናገርኩ። የደበቅሁባት ሰው እኔ ነበርኩ።

ጸሐፊዋ ተነሣች።

«ሃያ ሰባት ነበር ማለት ነው? ሃያ ሰባትና ሃያ ስድስት?»

«አዎ።»

«ሁለት ጊዜ ቆጥሬያለሁ ብዬ ነበር!» አለች ለሦስቱ መቶ ሰው ሁሉ። «በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ!» ብላም ተቀመጠች። ቃለ ጉባኤውን የምትይዘው ራሷ ስለሆነች ራሷ ጻፈችው፤ እያለቀሰች። ስንወጣ ሰላም አላለችኝም። እውነቷን ነው።

ሰው ሲበተን ወደ ጥጉ ሄድኩ። ፊውዝ ገመድ እየጠቀለለች ነበር።

«ሰማሽኝ?»

«ማይኩን የከፈትኩልህ እኔ ነኝ እኮ።»

«ይቅር በይኝ።»

«አምስት ሳምንት ፈጀብህ» አለች። «እኔ ሁለት ሳምንት ይበቃዋል ብዬ ነበር።»

«ምኑ?»

«ያን ቅዳሜ ቢሮው ውስጥ ጠረጴዛው ሥር ነበርኩ። የኤክስቴንሽኑን ገመድ እየጠገንኩ። ወረቀቷን ክንድህን ዘርግተህ ስታነብ፣ ወደ ነጩ ስትጥላት፣ ሁሉንም አይቻለሁ።»

ስፒከሩ ላይ ተቀመጥኩ። «ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

ገመዱን መጠቅለሏን አላቆመችም። «ብናገር ይመድቡህ ነበር። መጋቢውንም መድበውልኛል፤ እንዴት እንደሆነ አይተሃል። የተመደበ ሰው አልፈለግሁም። ራሱ የሚመጣ ሰው ነው የፈለግሁት።»

አለቀስኩ መሰለኝ። አዎ፣ አለቀስኩ።

«ሰውዬውን ግን ትናንት ‹እሺ› ብየዋለሁ» አለች ቀስ ብላ። «የሰርጉን ሰውዬ። በወር ሁለት እሑድ። ቃል ሰጥቻለሁ።»

ዘግይቻለሁ። በአንድ ቀን። ሰበብ ልፈልግ፣ ልለምናት፣ ልሰብክላት ሁሉ አማረኝ። ከአፌ የወጣው ግን ያላሰብኩት ነበር። «ስፒከር የሚሸከም ሰው አያስፈልግሽም?»

ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። «ወገብህስ?»

«ወገቤ ደህና ነው።»

«እሑድ ሁለት ሰዓት ላይ እንዳታረፍድ። ጥቁር ልብስ ልበስ፤ የድምፅ ሰው መታየት የለበትም።» ሄዳ ሄዳ በሩ ላይ ስትደርስ ዞረች። «ሰርግ በሌለበት እሑድ ደግሞ ቦታ ያዝልኝ። ጥግ አይደለም። መሃል።»

ለመጋቢው በሚቀጥለው እሑድ እንደማልኖር ነገርኩት። ትንሽ አሰበና፣ «የሳምንቱ ሥራችሁ ነዋ» አለኝ። አዋላጇ እማማም የተዋቸውን ወጣታቸውን በጸጋ አሰናብተውታል፤ መዝሙሩን ግን እስክጨርስ አይለቁኝም።

የካቲት 27፣ እሑድ

እጄ ተልጧል፣ በደንብ መጻፍ አልችልም።

ስምንት ስፒከር። ከመኪናው እስከ አዳራሹ ሰባት ደረጃ። አንዱን ገመድ ያለ ቦታው ሰክቼ አዳራሹን በፉጨት አደነቆርኩት፤ የሙሽራው አጎት ጆሮውን ይዞ ተሳደበ። ፊውዝ መጥታ ነቀለችው፣ ምንም አላለችኝም። ትክክለኛውን ቀዳዳ በጣቷ አሳየችኝና እኔ ራሴ እንድሰካው ጠበቀች። እንዲህ አድርጌ ለስንት ልጅ አሳይቻለሁ? ሁሉንም ራሴ ስሰካላቸው ነው የኖርኩት።

ሙሽሮቹ ሲገቡ ሙዚቃው አንድም ቦታ ሳይቆረጥ ወረደ። ሰው ሁሉ ሙሽራዋን ያያል፤ እኔ ፊውዝን አየሁ። ከንፈሯን ነክሳ፣ ጣቶቿ ሚክሰሩ ላይ፣ መላ ሰውነቷ ጆሮ ሆኖ። እንዴት ጎበዝ ናት! ለሦስት ዓመት ከኋላዬ ተቀምጣ አንድ ቀን ዞሬ አላየኋትም።

ግብዣው ጋብ ሲል ባርኔጣ ያደረጉ የሙሽራዋ አክስት ወደ እኛ መጡ።

«እንዴት ያለ ጥርት ያለ ድምፅ ነው! ልጅዎ ጎበዝ ናት» አሉኝ።

አባቷ አይደለሁም ልል አፌን ከፈትኩ። ለእሷ አባትነት ገና ነኝ፣ ወጣት ነኝ ልል። ፊውዝ አላየችንም፤ ሚክሰሩ ላይ አቀርቅራለች፤ ግን ጣቶቿ ቆመዋል።

«አዎ» አልኩ። «ልጄ ናት።»

ፊቴ ጋለ፣ የምገባበት ጠፋኝ፣ ያልወደቀ ገመድ ጎንበስ ብዬ አነሣሁ። ሴትየዋ ግራ ገብቷቸው ወደ ፊውዝ ዞሩ።

«አባትሽ ዓይን አፋር ናቸው እንዴ?»

ፊውዝ ቀና ሳትል ጣቶቿን ወደ ሥራቸው መለሰች።

«ገና እየለመደ ነው» አለቻቸው።